ከእርቁ ማግስት

በተመራቂዎች የመገናኛ በዓል ላይ ድሬዳዋ የቀረበ ንግግር

ከአዲስ አበባ፣ ከጅግጅጋ፣ ከባሕር ዳርና ከባሕር ማዶ የመጣችሁ ሙቀቱን ቻሉት። ድሬ እንግዳዋን በፍቅርም በሙቀትም ነው የምትቀበለው።

አዘጋጆቹ ርዕስ ምረጪ ሲሉኝ ብዙዎቻችሁ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ስኳር እንደምናገር ጠብቃችሁ ይሆናል። ዕድሜያችንም ወደዚያው ነው፤ አንደባበቅም። እኔ ግን ስለ ሽምግልና ልናገር መጣሁ። ሐኪምን ከሽምግልና ምን አገናኛት ትሉ ይሆናል። የሚያገናኘን አለ። በዚህ ከተማ ሰው ተጣልቶ ሲደማ መጀመሪያ የሚመጣው እኛ ዘንድ ነው፤ ቀጥሎ የሚሄደው ሽማግሌዎች ዘንድ ነው። እርቁ ወርዶ፣ ተመርቆ፣ ተበልቶ ካበቃ በኋላ፣ ሦስት ወርም ስድስት ወርም ቆይቶ፣ ያው ሰው ተመልሶ እኛ ዘንድ ይመጣል። «ጨጓራዬ ነው»፣ «ራሴን ይወቅጠኛል»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ይላል። እርቁን አያነሳም። እኛም አንጠይቅም።

ስለዚህ የዛሬው ጥያቄዬ አንድ ነው፤ እርቅ የታረቁትን ሰዎች፣ ከማግስቱ ጀምሮ ባሉት ወራትና ዓመታት፣ ምን ያደርጋቸዋል?

እንግዳ ለሆናችሁ ስለ ከተማዋ ጥቂት ልበል። ድሬዳዋ ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በ1895 ሲደርስ እንደ ከተማ የተቆረቆረች ናት። ባቡሩ ከየአቅጣጫው ሰው ይዞ መጣ፤ አካባቢው ላይ ከነበረውም ጋር ተቀላቀለ። በ1999 በተካሄደው ቆጠራ አስተዳደሩ ከ341 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበረው፤ ኦሮሞው 46 በመቶ ገደማ፣ ሶማሌው 24፣ አማራው 20፣ ቀሪው ጉራጌ፣ ሐረሪና ሌላም ሌላም። ይህ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ቀፊራ ይገበያያል፣ በአንድ ባጃጅ ይሳፈራል። ሲጋጭ ግን እያንዳንዱ የየራሱን የእርቅ ሥርዓት ይዞ ነው የሚመጣው።

ኦሮሞው ጃርሱማ አለው፤ ነፍስ ከጠፋ ደግሞ የጉማ ሥርዓት አለ። ሶማሌው ሔር አለው። የኢሳ ሶማሌዎች ሔር በቃል የቆየ ሕግ ነው፤ በትውፊቱ አርባ አራት ሽማግሌዎች ተሰብስበው ያጸኑት ነው ይባላል። በኅዳር 2017 ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲና ሶማሊያ በጋራ አቅርበውት በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። አማርኛ ተናጋሪው ሽምግልና እና ደም ማድረቅ ይላል። በላዩ ላይ እድሩና አፎሻው አለ፤ የጎረቤት ጠብ ብዙ ጊዜ ሸንጎ ሳይደርስ እዚያው ያልቃል።

ስማቸው ቢለያይም ከሐኪም ዓይን ሲታዩ አካሄዳቸው ይቀራረባል። መጀመሪያ የተጣሉት እንዲራራቁ ይደረጋል። ሽማግሌዎች በመካከል ይመላለሳሉ። ከዚያ በዳይ በሰው ፊት ያምናል፤ ተበዳይም የደረሰበትን በሰው ፊት ይናገራል። ካሣ ይቆረጣል፣ ዋስ ይጠራል። በመጨረሻም መሐላ፣ ምግብ፣ ምርቃትና ዱአ ይሆናል። «ይቅር ለእግዜር» ወይም «አፉ በለኝ» ተባብለው ይለያያሉ። እርቅ ደም ያደርቃል የሚባለው ለዚህ ነው።

ደግሞም ያደርቃል። ይህን አስቀድሜ በግልጽ ልናገር፤ ኋላ የምለውን ሰምቶ ሽምግልናን ልታፈርስ መጣች የሚል እንዳይኖር። በድንገተኛ ክፍል የሠራ ሐኪም ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። አንድ ሰው ተወግቶ ሲገባ በራፉ ላይ የሚቆሙትን ወንድሞቹን ፊት አይታችሁ ሁለተኛው ቁስለኛ መቼ እንደሚመጣ መገመት ትችላላችሁ። ሽማግሌዎች በዚያው ሌሊት ደርሰው ከያዟቸው ሁለተኛው ቁስለኛ አይመጣም። ያልመጣው ሰው በየትኛውም መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ ለዚህ ነው የሽምግልና ውለታ በቁጥር የማይታየው።

ሌላ ቦታ ግን ለመቁጠር ተሞክሯል። በላይቤሪያ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ 246 ከተሞችና መንደሮች ተመርጠው፣ 86ቱ ውስጥ ነዋሪው ጠብን በንግግር የመፍታት ሥልጠና እንዲያገኝ ተደረገ። ሥልጠናው ለማን እንደሚደርስ የተወሰነው በዕጣ ነው፤ ስለዚህ ንጽጽሩ የሚታመን ነው። ከዓመት በኋላ ሳይፈታ የሚቆይ የመሬት ክርክርና ከእሱ ጋር የሚመጣው ድብደባ ቀንሶ ተገኘ። ከሦስት ዓመት በኋላም ተመልሰው ሲያዩ የድብደባው መቀነስ ጸንቶ ነበር። ማለትም ሽምግልና የሰፈርን ጸባይ ለዓመታት መለወጥ ይችላል።

ለእኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በ1998 ክረምት ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ሲወጣ፣ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድብን፣ ከውሃው የተረፈው መጀመሪያ ያንኳኳው የጎረቤቱን በር ነው። የተኳረፈ ጎረቤት በር አይንኳኳም። ታርቆ መኖር በራሱ የጤና ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ሌላው ገጽ ልምጣ።

ሴራሊዮን ከ1991 እስከ 2002 እ.ኤ.አ. በቆየ ጦርነት የተጎዳች አገር ናት። ከጦርነቱ በኋላ «ፋምቡል ቶክ» የተባለ፣ ወደ እኛ ቋንቋ ብንመልሰው «የቤተሰብ ወግ» የምንለው፣ የእርቅ ሥራ በየመንደሩ ተካሄደ። ማታ እሳት ይነዳል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ የተበደለው ይናገራል፣ የበደለው ያምናል፣ ይቅርታ ይጠየቃል። የእኛን ሽምግልና ለሚያውቅ ምንም እንግዳ ነገር የለውም። ተመራማሪዎች 200 መንደሮችን ይዘው፣ ግማሾቹ እርቁን ቀድመው እንዲያገኙ በዕጣ ለዩ። ከዘጠኝ ወርና ከሠላሳ አንድ ወር በኋላ ሰዎቹን ጠየቁ። ውጤቱ በ2016 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ወጣ።

ያገኙት ሁለት ነገር ነው፤ ሁለቱም በአንድ ላይ እውነት ናቸው። እርቁ በተደረገባቸው መንደሮች ሰዎች የበደሏቸውን የበለጠ ይቅር ብለዋል፣ የቀድሞ ተዋጊዎችን የበለጠ አምነዋል፣ ለመንደሩ ሥራ የበለጠ አዋጥተዋል። በዚያው መንደር ግን ጭንቀት፣ ድባቴ እና ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣው የአእምሮ ሕመም ብሰዋል። ሁለቱም ውጤት ከሠላሳ አንድ ወር በኋላ ነበር። መንደሩ ዳነ፤ መንደሩን ያዳኑት ሰዎች ግን ታመው ቀሩ።

በሩዋንዳም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። የጋቻቻ ሸንጎዎች በሰኔ 2004 እስኪዘጉ ድረስ በጣም ብዙ ሰው ቀርቦ መስክሯል። 1,200 ያህል ሰዎችን የጠየቀ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በሸንጎው ቆመው የመሰከሩት ካልመሰከሩት ይልቅ የድባቴና የአሰቃቂ ገጠመኝ ሕመም እንደበዛባቸው አሳይቷል። የመሰከሩት ቀድሞውኑ የበለጠ የተጎዱት ናቸው እንዳትሉ፣ ጥናቱ የደረሰባቸውን ጉዳት መጠን ለማመዛዘን ሞክሯል።

«መናገር ይቀልላል» ብለን ነው ያደግነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን። ታዲያ ይህ ለምን ሆነ?

እኔ እንደሚገባኝ ነገሩ እንዲህ ነው። በአእምሮ ሕክምና ውስጥም ሕመምተኛ የደረሰበትን እንዲናገር እናደርጋለን። ግን እየደጋገመ፣ በራሱ ፍጥነት፣ በተዘጋ ክፍል፣ ከሚያምነው ሰው ጋር ነው የሚናገረው፤ ሲያንገሸግሸው ያቆማል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሳል። በሸንጎ ግን አንድ ጊዜ ነው የሚናገረው፣ በመቶ ሰው ፊት፣ የበደለው ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ። ቁስሉ ይከፈታል፤ የሚሸፍነው የለም። በማግስቱ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ደግሞ አዝኛለሁ ማለት ነውር ይሆንበታል፤ ታርቋላ! «ተመርቆ ያለቀ ነገር ምን ያነሳሻል» ይባላል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እርቁ ግን ሁለቱንም እኩል እንዲረሱ ያዝዛል። ያኔ ነው ሐዘኑ ጨጓራ ሆኖ እኛ ዘንድ የሚመጣው።

በክሊኒክ የማየውን ልንገራችሁ። የማንም ሰው ታሪክ አይደለም፤ የብዙ ሰው ምልክት ቀላቅዬ ነው። ስማችሁን ለማወቅ የምትጓጉ አትልፉ።

አንደኛዋ ተበዳይ ናት። ልጇ የሞተባት እናት እንበል። እርቁ ላይ ወንድሞቿና አጎቶቿ ቆሙ፤ ካሣውን የተቀበሉት እነሱ ናቸው። እሷ የተጠየቀችው «ለሕዝቡ ስትይ» ተብላ ነው። የገዳዩ ቤተሰብ በየቀኑ በበራፏ ያልፋል፤ ሰላም ይላታል፤ ትመልሳለች። ለሁሉም ሰው የተሳካ እርቅ ነው። እሷ ግን ሌሊት ሁለትና ሦስት ጊዜ ትነቃለች። ደም ግፊቷ በሦስት ዓይነት መድኃኒት አልወርድ ይላል።

ሁለተኛው በዳይ ነው። እሱንም እርሱት አትበሉ። ካሣውን ዘመድ አዋጥቶ ከፍሎለታል፤ በየሠርጉና በየሐዘኑ ያዋጡት ሰዎች ዓይን ላይ ነው ያለው። ሕግ ቢቀጣው ኖሮ ቀኑን ቆጥሮ ይወጣ ነበር። እዚህ ግን ዕዳው ማለቂያ የለውም። አንዳንዱ በጫትና በመጠጥ ይሸሻል፤ አንዳንዱ ከተማውን ለቆ ይጠፋል።

ሦስተኛዋ በሸንጎው ላይ የሌለች ናት። ቀድሞ በሶማሌውም በሌላውም ሕዝብ ዘንድ በአንዳንድ ቦታ የደም እርቅን ለማሰር ልጃገረድ ለተጎጂው ወገን በጋብቻ ይሰጥ እንደነበር ተመዝግቧል። ልጅቷ የእርቁ ተሳታፊ ናት ወይስ የካሣው አካል? ዛሬ ያ ልማድ ቢቀንስም ጥያቄው አልቀረም። በሶማሌው ባህል ለወንድ ነፍስ 100 ግመል፣ ለሴት 50 ተብሎ ሲቆጠር ኖሯል። ይህን የሰማች ልጅ ስለ ራሷ ዋጋ ምን ትማራለች?

አራተኛው ሽማግሌው ራሱ ነው። እሱን ማን ጠይቆት ያውቃል? በዚህ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ፣ ምሳውንም የስኳር መድኃኒቱንም አሳልፎ፣ የሰውን ጉድ ሁሉ ሰምቶ ይገባል። ለሚስቱ አይነግርም፤ ሽማግሌ ምስጢር አያወጣምና። የሰማውን ተሸክሞ ነው የሚተኛው፤ ከተኛ።

አሁን ለእኛ ለሐኪሞች ቅርብ የሆነውን ላንሳ። ሽማግሌዎች አንዳንዴ ዋርድ ድረስ ይመጣሉ። ስፌቱ ገና አልደረቀም፤ የሕመም ማስታገሻ እየወሰደች ነው፤ አልጋዋን ከብበው «እሺ በይ፣ ልጆችሽን አስቢ» ይሏታል። ከዚያ ወደ ሐኪሟ ዘወር ይላሉ፤ «ዶክተር፣ ማስረጃውን እስቲ ለዘብ አድርጊልን፤ ነገሩ በእርቅ ያልቃል»። በዚህ አዳራሽ ያላችሁ የሙያ ጓደኞቼ ፈገግ ስትሉ አያለሁ፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ልመናው በክፋት አይደለም። ሽማግሌው በእውነት ሰላም ፈልጎ ነው። መልሳችን ግን አንድ መሆን አለበት፤ የሕክምና ማስረጃ የታየውን ይጽፋል፤ አይለዝብም፣ አይከርርም። በሕመም ላይ ያለችን ሰው ለቀላል ቀዶ ጥገና እንኳ ፈቃዷን ስንጠይቅ አስረድተን፣ ጊዜ ሰጥተን፣ እምቢ ማለት እንደምትችል ነግረን ነው። ለዕድሜ ልክ ውሳኔ ከዚያ ያነሰ ፈቃድ እንዴት ይበቃል?

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ እርቅ በሕጋችን ቦታ አለው፤ በ2013 ደግሞ ስለ ግልግል ዳኝነትና ስለ እርቅ አሠራር ራሱን የቻለ አዋጅ፣ ቁጥር 1237፣ ወጥቷል። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በቀጥታ የሚሠራው በአዲስ አበባና በእኛ በድሬዳዋ ነው። ያ ሕግ የቤተሰብ ሽማግሌዎችን ፍቺ ከመወሰን ሥልጣን አውርዶ ወደ ማስታረቅ ብቻ መለሳቸው። ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ሽማግሌን አላሰናበተም፣ ልኩን ነው የሰጠው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ፣ የደፈራትን ካገባት ከቅጣት ይድን የነበረውን የ1949ኙን ሕግ ቀዳዳ ዘግቷል። ስለዚህ በተደፈረች ሴትና በሕፃን ላይ በደረሰ ጉዳት እርቅ ተብሎ ወደ አልጋችን የሚመጣ ሽማግሌ ካለ፣ በአክብሮት ሻይ ጋብዘን በአክብሮት መሸኘት ነው። ያ የሽምግልና ጉዳይ አይደለም።

ነገሩ የእኛ የሰፈር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2010 በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን በተነሣው ግጭት ብዙ ሺህ ተፈናቃዮች ወደ ድሬዳዋ መጥተዋል፤ አብረውን ኖረዋል። አገራችን በ2016 የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቃለች፤ ባህላዊ የፍትሕ ሥርዓቶችም ድርሻ እንዲኖራቸው በውስጡ ታስቧል። ማለትም በሚቀጥሉት ዓመታት በጣም ብዙ ሰው፣ በጣም ከባድ ነገር፣ በሰው ፊት ቆሞ እንዲናገር ሊጠየቅ ይችላል። ሴራሊዮኖች ከሠላሳ አንድ ወር በኋላ ያወቁትን እኛ ከመጀመራችን በፊት እናውቀዋለን። አውቀን ዝም ካልን ግን ማወቃችን ለምን ይጠቅማል?

ታዲያ ምን ይደረግ? አንድም አዲስ ተቋም አልጠይቅም። በሽምግልናው ውስጥ ባለው ነገር ላይ ጥቂት መጨመር ነው።

መጀመሪያ ጊዜ። አስቸኳዩና የማይጠብቀው በቀልን መያዝ ነው፤ እሱ ዛሬ ማታ ይሁን። ይቅርታው ግን ሊቆይ ይችላል። ሁለቱን በአንድ ቀን ማድረግ የለብንም። ሽማግሌዎች «ነገሩን አቆይተነዋል» የሚሉት ጥሩ ዘዴ አላቸው፤ እሱን ይጠቀሙበት።

ሁለተኛ ፈቃድ። ተበዳይዋ ብቻዋን ትጠየቅ፤ ብትችል በሴት። በወሎ ዱበርቲዎች፣ በኦሮሞ ሲንቄ የያዙ እናቶች በእርቅ ውስጥ ቦታ እንዳላቸው እናውቃለን። ስለዚህ ሴት በሽምግልና መግባቷ ከባህል ውጭ አይደለም።

ሦስተኛ የሚነገረው በልክ ይሁን። ካሣ ለመቁረጥ የሚያስፈልገው ፍሬ ነገር በተወካይ ሊነገር ይችላል። ዝርዝሩን፣ ያንን ሌሊት ምን እንደሆነ፣ ለመናገር የፈለገ ይናገር፤ ያልፈለገ ግን «ሆድ ይፍጀው» ስላለ ይቅርታውን እንደነፈገ አይቆጠርበት።

አራተኛው፣ ለእኔ ዋናው፣ ክትትል ነው። በእርቃችን ውስጥ ዋስ አለ። ዋሱ ስምምነቱ እንዳይፈርስ ይጠብቃል። ያው ዋስ በወሩ፣ በስድስት ወሩና በዓመቱ ሁለቱንም ቤት ያንኳኳ። አራት ነገር ይጠይቅ፤ ትተኛለህ ወይ? ትበላለህ ወይ? በእነ እገሌ በር ማለፍ ትችላለህ ወይ? ኑሮ አስጠልቶህ ያውቃል ወይ? መልሱ ካስደነገጠው ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰደው። በእኛ በኩል ደግሞ መድኃኒት እምቢ ያለ ጨጓራና ደም ግፊት ሲመጣ «በቅርብ የታረቃችሁት ነገር አለ?» ብለን እንጠይቅ። አንድ ጥያቄ ናት፤ ወረፋውን አታስረዝምም።

አንድ የማከብራቸው አዛውንት ይህን ሐሳቤን ሰምተው «ልጄ፣ የተዳፈነ እሳት አትቆስቁሺ» አሉኝ። ፍርሃታቸው ይገባኛል። ግን የተዳፈነ እሳት ጠፋ ማለት አይደለም፤ ዋሱ የሚያንኳኳው እሳቱ ጠፍቶ እንደሆነ ለማየት ነው። ሌላው የሚባለው «ታዲያ አማራጩ ምንድን ነው፤ ፍርድ ቤት ዓመታት ይፈጃል» የሚል ነው። እውነት ነው። እኔም ሽምግልና ይቅር አላልኩም። ፔኒሲሊን አንዳንዱን ሰው ያሳብጣል ብለን ፔኒሲሊንን አልጣልነውም፤ ከመውጋታችን በፊት እንጠይቃለን፣ ከወጋን በኋላ ጥቂት እናቆየዋለን።

በመጨረሻ ለማኅበራችን የማቀርበው ነገር አለ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ የሕግ ሰው አለ፣ ነርስ አለ፣ የሥነ ልቡና ሰው አለ፣ መምህር አለ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ አፍ የፈታ ሰው ሞልቷል። ያጠናነው የሌላ አገር ሕዝብ ነው፤ የድሬዳዋን የታረቀ ሰው ግን ዓመት ሙሉ ተከትለን እንጠይቀው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አጣን የምትሉ ተማሪዎች፣ ይኸው። መምህሮቻችንም ተቀበሏቸው፤ አማካሪ ሆኜ ለመሥራት እኔ ፈቃደኛ ነኝ። ጥያቄዎቹን በሦስቱም ቋንቋ የሚያዘጋጅ ኮሚቴ ዛሬ ከምሳ በፊት ቢመረጥ ደስ ይለኛል። ከምሳ በኋላማ፣ አቦ፣ በዚህ ሙቀት ማን ይሰበሰባል!

ሽማግሌዎቻችን ለዘመናት ያለ ደሞዝ ይህን ከተማ ይዘውልናል። የእነሱ ሥራ እርቁ ሲመረቅ ያልቃል። የእኛ ሥራ ከዚያ በማግስቱ ይጀምር።